ለአባትሽ ያሰብሽው ጉዞ

ልጄ ሩፋይዳ፣ አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላህ። አላህ በሰው አገር የምታንኳኪውን ደጅ ሁሉ የሰላም ያድርግልሽ። እኛ አልሀምዱሊላህ አለን። ዘንድሮ ቡታጅራ ላይ ዝናቡ አልቆም ብሎ በርበሬያችን ማሳው ላይ እንዳለ በሰበሰ።

ለሦስታችን ያወጣሽው የግብፅ ጉዞ ዕቅድ ደርሶናል፤ ሁለት ቀን ባሕር ዳርቻ፣ ሁለት ቀን በረሃ፣ ሦስት ቀን ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች። አባትሽ በየቀኑ ያስነብበኛል። እኔም መነጽሩ የደከመ መስሎኝ ነበር። ፓስፖርት ልናወጣ ሄደን «ይፈርሙ» ሲሉት ግን ወረቀቱን አልፎ ጠረጴዛው ላይ ፈረመ። ውጭ ስንወጣ፣ «ከረመዳን ወዲህ አይታየኝም፤ ለልጅቷ እንዳትነግሪያት» አለኝ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው ብርሃን አይመለስም ብሎናል።

«እንግዲያው ጉዞው ይቅርብን» ስለው ተቆጣኝ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያላየሁትን ቤተ መቅደስ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ታሪክ አስተማርኩ። አሁንም ሳላይ እሄዳለሁ» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ሲያለቅስ እንዳልሰማ ሆንኩ።

ልጄ፣ እንደነገርኩሽ አታሳውቂው። ስትደውዪ «ደህና ነኝ» ካለሽ እሺ በዪው። በረሃውን ግን ተዪው፣ ሙቀቱን አይችለውም። አንቺም ምግብሽን በሰዓቱ ብዪ፤ ባለፈው በስልኩ ሳይሽ ከስተሻል።

አላህ ዕድሜ ሰጥቶ ለዚያ ቀን ያድርሰን። ስንደርስ እኔ እጁን እይዘዋለሁ። አንቺ ደግሞ ፊት ለፊታችን ያለውን ሁሉ ሳትቸኩዪ ንገሪው፤ እኔ የነገሮቹን ስም አላውቅምና።

እናትሽ ከድጄ