ስለ መርከብ ጭስ የማልሁት መሐላ

ልጄ ደረሰ፣

በሐሰት አስማልኸኝ። ይህን አስቀድሜ ጽፌ ነው ጤናህን የምጠይቅ። ለመሆኑ እንዴት ሰነበትህ? መርከባችሁ ከታገደች ወዲህ ወደቡ ላይ ወርዳችሁ እግራችሁን እንድትዘረጉ እንኳ ይፈቅዱላችኋል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኛ በአካላችን ደህና ነን።

ማክሰኞ በእህትህ በቤዛዊት ስልክ የላክኸውን የኑዛዜ ቃል፣ ላንብብልህ ብትለኝ እምቢ ብዬ ራሴ አነበብሁት። ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ሳትገቡ ድኝ የበዛበትን ወፍራም ነዳጅ ዘግታችሁ ንጹሑን መክፈት እንዳለባችሁ፣ ሕጉንም መንግሥታት ተስማምተው እንዳወጡት ያስተማርኸኝ አንተ ነህ። ጭሱ የወደብ ሰው ሳንባ ይበላል ስትለኝ፣ ደግ ሕግ ነው ብዬህ ነበር። አንተ ግን የሞተር አለቃው ስላዘዘህ፣ ነዳጁ ሳይቀየር በሰዓቱ ተቀይሯል ብለህ መዝገብ ላይ ጻፍህ። ተቆጣጣሪዎቹ ነዳጁን ቀድተው ሲመረምሩ ድኙ ተገኘ። ጥፋቱም ቧንቧውን በሚያዞረው በጫግኒው ልጅ በብሥራት ላይ፣ ታዝዞ ሳያዞር ቀረ ተብሎ ተላከከ፤ ሥራውን ተነጥቆ አባቱ ቤት ገባ።

አባቱ ምህረቴ የልጄን ስም አጠፋችሁ ብሎ በሽማግሌ ሲከሰኝ ደውዬ ጠየቅሁህ። አባዬ፣ እውነቱን ነው የጻፍሁ አልኸኝ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን በእኔ መሐላ ሊቆርጡት ተስማሙ። ምህረቴ፣ ከዘንገና ሐይቅ ሌላ ውሃ ሳታይ ስለ ባሕር ልትምል ነው ወይ ብሎ ሳቀብኝ። ባሕሩን አላውቅም፣ ልጄን ግን አውቃለሁ አልሁና የሚካኤልን ደጅ ይዤ ማልሁ። አልታዘዝሁም ያለው ብሥራት ዋሾ ተብሎ ቀረ። ያጫት ልጅ ቤተሰቦችም ቃላቸውን አጠፉበት።

አሁን መውጫ የለኝም። ዝም ብል የሰው ልጅ በእኔ ቃል ተቀብሮ ይቀራል፤ ብናገር የራሴን ልጅ እንጀራ በእጄ እቆርጣለሁ። ከማክሰኞ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሜ እመለሳለሁ። ገበያ ላይ ሰው ዝቅ ብሎ ሲሳለመኝ እጄን መስጠት ያቅተኛል።

አለቃዬ ያባርረኛል ብለሃል። ያባርርህ። ለኅዳር ሚካኤል ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ተነሥቼ መሐላዬ ሐሰት ነበር እላለሁ። ቀድመህ ለተቆጣጣሪዎቹ እውነቱን ብትናገር ለአንተ ይሻላል፤ ባትናገርም እኔ እነሣለሁ።

እናትህ ማናለብሽ ጉንጭህን ትስምሃለች፤ አመመህ ወይ እያለች ትጠይቀኛለች እንጂ ምንም አልነገርኋትም። ወንድምህ አወቀ ሰላም ብሎሃል። ቤዛዊትም ሰላም ብላ ይህን ወረቀት በስልኳ አንሥታ ትልክልሃለች።

ከኅዳር ሚካኤል ወዲያ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም። አገርህ ስትገባም ይቅርታ ልጠይቅ ብለህ እንዳታነሣብኝ።

አባትህ ውዱ
ጥርባ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.