ዘሩ ሳይጫን ትንበያው እንዲሰማ የደከሙት ወይዘሮ ሥራዬ አሻግሬ

ዓርብ ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ወይዘሮ ሥራዬ አሻግሬ ዳባት በሚገኘው ቤታቸው ሲያርፉ፣ ባለቤታቸው መምህር ፍቅረ ሥላሴ ሐብታሙ፣ ልጃቸው ሊድያ፣ እኅታቸው ወይዘሮ አበባ እና የሥራ ባልደረባቸው አቶ ደርቤ አጠገባቸው ነበሩ።

ወይዘሮ ሥራዬ ከአባታቸው ከአቶ አሻግሬ ቻላቸው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውዱ ሻረው በ1966 ዓ.ም. ጊች ተወለዱ። በ1976 ዓ.ም. ዝናቡ ነሐሴ ላይ ተቋርጦ ገብሱ ፍሬ ሳይዝ ሲቀር፣ አባታቸው ደባርቅ ከሚኖሩ ዘመድ ዘንድ አስጠጓቸው። በዚያው ተምረው፣ በግብርና በዲፕሎማ ተመርቀው፣ በ1990 ዓ.ም. የልማት ሠራተኛ ሆኑ። በ1992 ዓ.ም. ከመምህር ፍቅረ ሥላሴ ጋር በተክሊል ተጋብተው ብርሃኔንና ሊድያን ወልደዋል።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያ ነበሩ። ሥራቸው ከአዲስ አበባ የሚመጣውን የክረምት ትንበያ፣ ለገበሬው የሚታደለውን ዘር ለሚመርጠው የወረዳው የዘር ኮሚቴ ማቅረብ ነበር። በ2007 ዓ.ም. «ዝናቡ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ አርባ አምስት ከመቶ ነው» ብለው ሲያነቡ፣ ከሦስቱ ዕድሎች (ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች) ትልቁ ይህ ቢሆንም፣ ኮሚቴው «ከግማሽ ካነሰማ ይዘንባል ማለት ነው» ብሎ ረጅም ዝናብ የሚፈልገውን፣ ዘግይቶ የሚደርሰውን ዘር ሁሉ አደለ። ዝናቡ ነሐሴ ላይ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ከማንበባቸው በፊት ኮሚቴውን ይጠይቁ ጀመር። «የትኛውን ዘር፣ በየትኛው ቀን ነው የምትወስኑት? ዝናቡ ቀድሞ ቢቆም ገበሬው እጅ ምን ይቀራል?» ይሉ ነበር። አንድ ሹም «ሥራዬ፣ ደግሞ ልትፈትኚን መጣሽ?» ብለው ቤቱን ቢያስቁም፣ እርሳቸው ሳቁ እስኪያልፍ ቆመው መልሳቸውን ይጠብቁ ነበር። በብዙ ድካም የዘሩ እኩሌታ መጋዘን እንዲቆይ፣ ኮሚቴውም ትንበያውን ሰምቶ ከመጫኛው ቀን በፊት እንዲወስን አስማሙ። ኮሚቴው ካልወሰነ ግን እንደ ድሮው ዘግይቶ የሚደርሰው ይጫናል።

ሁልጊዜ አልቀናቸውም። በ2012 ዓ.ም. ቶሎ የሚደርሰውን ዘር አስመረጡ፤ ክረምቱ ግን እስከ መስከረም ዘንቦ፣ ምርቱ ሊገኝ ከሚችለው አነሰ። ገበያ ላይ የሚያውቋቸው ሰዎች ፊት ነሷቸው። ያን ዕለት ቤት ገብተው እህል አልቀመሱም። ከዚያ በኋላ ግንቦት በገባ ቁጥር እንቅልፍ ያጡ እንደነበር ባለቤታቸው ይናገራሉ።

ካለፈው ጥር ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ጎንደር ሲታከሙ ቆይተው፣ በሚያዝያ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የዘንድሮው ትንበያ ረቡዕ ዕለት ሲደርስ አቶ ደርቤ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው አነበቡላቸው። ዝናቡ ቀድሞ የመቆም ዕድሉ ያመዝናል ይላል። «መኪናው ሰኞ ነው። ቅዳሜ ተሰብሰቡ፤ እኔን አትጠብቁ» አሏቸው። ዓርብ ድምፃቸው እየደከመ እንኳ «ቅዳሜ አልተለወጠም አይደል?» እያሉ ሊድያን ደጋግመው ጠየቋት። እርሷም «አልተለወጠም፣ እማዬ» አለቻቸው።

ወይዘሮ ሥራዬ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እኅታቸውንና እኛን የወንድማቸውን ልጆች ትተው በ51 ዓመታቸው አርፈዋል። ቸሩ አምላካችን ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ይቀበልልን፤ የደከሙበትንም ከንቱ አያድርግባቸው።

የዘር ኮሚቴው ለወይዘሮ ሥራዬ ክብር ሲል ዛሬ ቅዳሜ ሊያደርገው የነበረውን ስብሰባ ወደ ረቡዕ ግንቦት 27 ቀን አስተላልፏል። የመጫኛው ቀን አልተላለፈም፤ መኪኖቹ ሰኞ ጠዋት ዘሩን ይጭናሉ።