የደረጀ ቆርቆሮዎች

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1979 ዓ.ም.

ዛሬ እማዬ ቆራሌውን ወደ ሱቃችን ጠራችው። ጓሮ የተከመሩትን ባዶ የሳልሳ ቆርቆሮዎች በሙሉ ልትሰጠው ነው። ሳልሳ በማንኪያ ስለምንሸጥ ቆርቆሮው ቶሎ ይጠራቀማል። ወንድሜ ደረጀ እያለ አንዱም አይጣልም ነበር፤ ኩራዝ ይሠራባቸውና እዚሁ እንሸጣቸው ነበር። የሱቁን ባዶ ጆንያና ወረቀትም ለምን ለምን እንደምናውለው ያቀደልን እሱ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ፣ «ቆርቆሮዎቹን እስክመለስ አስቀምጡልኝ» ብሎን ነበር።

ቆራሌው ሳቀ። «እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ሳልሳ! ቀራንዮ በሙሉ ሠርግ ነበር እንዴ?»

«ወሬውን ተውና ጫን» አለችው።

«እማዬ፣ የደረጀ እኮ ናቸው» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ቦታ ያዙብኝ። ከሰል አደርግበታለሁ።» ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም።

ሐሙስ ዕለት፣ ከደረጀ ጋር የዘመተ ልጅ ቆስሎ ተመለሰ ሲባል አየር ጤና ድረስ ሄዳ ጠይቃዋለች። ልጁ ምን እንዳላት አልነገረችኝም። ከዚያ ወዲህ የደረጀን ስም አላነሳችም። መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ግን የለም። መርዶ ሳይመጣ ማልቀስ ሟርት ነው የምትለው ራሷ ናት።

ቆራሌው እንደሄደ ጓሮውን ጠረገች። ከሰል አላመጣችም። ባዶው ቦታ ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነከሰች።

ጎረቤታችን እማማ በላይነሽ ክብሪት ሊገዙ መጡ። ልሸጥላቸው እኔ ወጣሁ።

«ደረጀስ? ደህና ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው፣ እማማ» አልኳቸው፤ እማዬም እንድትሰማ ጮክ ብዬ።