ለፍሬው የጨመርኩለት አራት ዓመት

ሞላሌ፣ ጥር 1994 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለጽናት። የሞላሌ ብርድ ያላቀዘቀዘው ናፍቆቴ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ተመስገን፣ ደህና ነን። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፤ ብርዱ ግን ዘንድሮ አልተቻለም።

አባትሽ የገበያ ጥበቃው ቀረበት። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ቢሆንም፣ ጡረታ የወጣ ፖሊስ ከስልሳ ካለፈ አይሠራም አሉት። በወረቀት ስልሳ አንድ ነው፤ በእናታችን ቆጠራ ግን ሃምሳ ሰባት። ፍሬው ገና በአሥራ አራት ዓመቱ ፖሊስ ልቀጠር ሲል፣ "አሥራ ስምንት ሞልቶታል" ብዬ የማልኩለት እኔ ነኝ። ታላቅ እህቱ ስለሆንኩ አመኑኝ። አሁን "እትዬ፣ እውነቱን መስክሪልኝ" ቢለኝ፣ በሐሰት መማሌ እንዳይወጣብኝ ፈርቼ "ረሳሁት" አልኩት።

በገበያ ቀን ዛሬም ጫማውን ወልውሎ ይወጣል፤ ዳር ቆሞ አይቶ ይመለሳል። ባለፈው ሳምንት ካፖርቱን ለጎረቤት ሰጠ። ትናንት ደግሞ በጎቹን እኔ ዘንድ ነድቶ አመጣና፣ ፊሽካውን "ለጽናት" ብሎ እጄ ላይ አኖረው።

ለፋሲካ እመጣለሁ ብለሽ ነበር። መንገዱ ደህና ነው፤ መኪናም በየቀኑ አለ። ፋሲካን ምን አስጠበቀሽ?

እስክንተያይ ያቆየን፤ ሁላችንንም።

አክስትሽ በዛወርቅ