ሰጠኝን ልመልስ የሄድሁበት በጋ

እሑድ፣ ዩሊ 6

ከፋብሪካ ገባሁ። የአሽዶድ የኢንዱስትሪ ቀጠና ዛሬ ቀቀለን... የባሕሩ ወበቅ ልብስን ከገላ ያጣብቃል። ደረጃውን ወጣሁ፣ በሩን ከፈትሁ። ጭር ያለ ቤት።

ባለቤቴ ሰጠኝ ከሄደ ሰነበተ። ከመጋዘን ሥራው ጡረታ ወጣ፣ ጥቂት ሳምንት ሶፋው ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ “በሰሜን፣ ቤት ሸአን በሚባለው ሸለቆ ውስጥ ለበጋው ቤት ተከራይቻለሁ” ብሎ ሻንጣውን አነሣ። ነይ እንሂድ አላለኝም። ወይስ ብሎኝ “ሥራ አለብኝ” ብየው ይሆን? አላስታውስም።

ማታ ልጄ ኢዲት ከምትኖርበት ሰፈር፣ ከሮቫ ዩድ ዛይን፣ ደወለች።

“እማየ፣ አባየ የሚመለስ አይመስልም። ድምፁ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነው።”

“ደስ ካለው ምን አስጨነቀሽ?”

“ሂጂና አምጪው!”

ሰኞ፣ ዩሊ 7

ዕረፍት ጠየቅሁ። አለቃየ “ሐረጓ? ዕረፍት?” ብሎ ሳቀ። ምኑ ያስቃል? ያልወሰድሁት የስንት ዓመት ዕረፍት ተጠራቅሞልኛል፤ ፈቀደ።

ረቡዕ፣ ዩሊ 9

ደረስሁ። ከአውቶቡሱ ስወርድ ምድጃ የተከፈተብኝ መሰለኝ። እዚህ ወበቅ የለም፤ ደረቅ እሳት ነው። ትንሽ ከተማ ናት፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ሱቅ። ከዚያ በኋላ የተምር ዛፍ ብቻ፣ በሰልፍ በሰልፍ፣ እስከ ዓይን መጨረሻ።

ኢዲት ነግራው ኖሮ ሰጠኝ ፌርማታው ላይ ቆሟል። ፊቱ ጠቁሯል፣ ደግሞ አምሮበታል።

“መጣሽ?”

“መጣሁ።”

ሻንጣየን ተቀበለኝ። ሰንበት ሲያልፍ ይዤው እመለሳለሁ።

ሐሙስ፣ ዩሊ 10

ገና ጎሕ ሲቀድ ወፉ ሁሉ በአንድ አፍ ይንጫጫል። ሰዉ ሥራውን በማለዳ ይይዛል፤ ቀትር ሲሆን መስኮቱን ዘግቶ ይገባል። ከተማዋ እንዳለች ትተኛለች። ውሻ እንኳ አይታይም። እኔ እጄ ሥራ ፈትቶ ተቸገርሁ... ወለሉን ሁለቴ ጠረግሁት።

ፀሐይ ከጊልቦዓ ተራራ ጀርባ ስትገባ በሮቹ ተከፈቱ። ወንበሮች ወጡ። የጓሮ ውኃ ተለቀቀ፣ የረጠበ አፈር ሸተተኝ። ከፊት ለፊት፣ ከዮርዳኖስ ማዶ፣ ተራሮቹ ጽጌረዳ መሰሉ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ጠፉ። አፌን ከፍቼ ስመለከት ኖሯል፤ ሰጠኝ እኔን እያየ ሳቀ።

ጎረቤታችን ሓቫ መጣች። ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት፣ ቤተሰቧ ከሞሮኮ የመጣ። አንድ ሳህን በለስ ይዛ በዕብራይስጥ፣ “አንቺ ነሽ ሐረጓ? አቤት፣ ስለ አንቺ ሲያወራ!” አለችኝ።

ሰጠኝ? ያወራል? ስለ እኔ?

እሑድ፣ ዩሊ 13

ዛሬ መመለሻችን ነበር። ጠዋት ልብሴን ወደ ሻንጣየ ስመልስ ሰጠኝ “መጀመሪያ እዚህ ያለውን ምንጭ እዪና” አለኝ።

በተምሮቹ መካከል በእግር ሄድን። ምንጩ የጠራ፣ ሥሩ ያለው ጠጠር የሚቆጠር። አሮጊቶች ከነቀሚሳቸው ውኃው ውስጥ ተቀምጠው ሐብሐብ ይበላሉ! ዓሣዎቹ የእግር ጣት ይነካሉ። አሽዶድ ስኖር ባሕሩ ደጄ ነው፣ ገብቼበት አላውቅም። ሥራ ነበር... ዛሬ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። እንደ ሕፃን ጮህሁ።

አውቶቡሱ አመለጠን። ማንም አልተቆጨ።

ማክሰኞ፣ ዩሊ 22

እስካሁን እዚህ ነኝ። ለምን ጥሎኝ እንደመጣ አልጠየቅሁትም። ለምን አልጠይቀውም? መልሱን ፈርቼ?

ሐሙስ፣ ዩሊ 24

ጠየቅሁት። ግቢው ውስጥ፣ ማንጎው ሥር፣ አመሻሽ ላይ።

“ቤት አለህ፣ ልጅ አለችህ። ምን አጥተህ ነው የመጣህ?”

“አንቺን አጥቼ።”

ልስቅ ነበር። እሱ አልሳቀም።

“እኔ ከመጋዘን ስገባ አንቺ ትወጫለሽ። አንቺ ስትገቢ እኔ እወጣለሁ። ልጅ ማሳደግ ነው፣ ይሁን አልሁ። ጡረታ ስወጣ ሶፋው ላይ ቁጭ ብየ ጠበቅሁሽ። አንቺ ትርፍ ሰዓት ጨመርሽ።”

ተናደድሁ። እውነት ስለሆነ ይመስለኛል። “ታዲያ ጥሎ መሄድ ምን ይባላል? ሰው አይናገርም?”

“ተናግሬ ነበር። ነይ እንሂድ ብየሽ ‘ሥራ አለብኝ’ አልሽ፣ ፊትሽን ሳትመልሽ።”

የወደቀ ቅጠል አንሥቼ ማጣጠፍ ጀመርሁ። እሱ ቀጠለ፣ “በሱዳኑ መንገድ ውኃ ፍለጋ ሄጄ የጠፋሁ ጊዜ... ሰዎቹ ‘ተዪው፣ እንሂድ’ ሲሉሽ ማን ነበር ስሜን እየተጣራ የመጣ?”

“እኔ።”

“ብጠፋ አሁንም ትመጫለሽ ብየ ነው።”

ያን ጊዜ፣ ከአገራችን ወጥተን ወደዚህ በእግር ስንመጣ፣ ገና ሙሽሮች ነበርን። እግሬ ደምቶ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ነበር የተጣራሁት። ያን ያህል ዘመን በልቡ ይዞት ኖሯል?

ወደ ቤት ገብቼ አለቀስሁ። ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥሁ። ከዮርዳኖስ ማዶ መብራቶች በሩ። ምንም አልተነጋገርንም፣ ግን ዝምታው የአሽዶዱ አልነበረም።

እሑድ፣ ኦጉስት 3

ቁርስ አብረን። ምሳ አብረን። ለካ ሲያላምጥ ያንጎራጉራል። ባሌ!

ሐሙስ፣ ኦጉስት 14

እኔና ሰጠኝ ከሓቫ ጋር ወደ ዓሣ ኩሬዎቹ ሄድን። ሽመላዎች ወርደዋል፣ ዳርና ዳሩ ነጭ ሆኗል። በድንገት ተነሡ፣ በሙቁ አየር ላይ እየዞሩ፣ እየዞሩ፣ ክንፋቸውን እንኳ ሳያራግቡ ወጡ። አንገቴ እስኪደክም አየሁ።

“ወደ እኛ አገር እኮ ነው የሚሄዱ” አለ ሰጠኝ።

“ይሂዱ። እኔ እዚሁ ደህና ነኝ” አልሁ። ራሴ በራሴ ደነገጥሁ።

እሑድ፣ ኦጉስት 17

ለአለቃየ ደወልሁ። ከአዲስ ዓመቱ በዓላት በኋላ እመለሳለሁ፣ ያውም ጠዋት ጠዋት ብቻ፣ አልሁት። “ታመምሽ እንዴ?” አለ። “ዳንሁ” አልሁት።

ረቡዕ፣ ኦጉስት 20

ጉድ ነው። ሰጠኝ አሽዶድ ናፈቀው! ሰፈራችን ሮቫ ዛይን ያሉ ጓደኞቹ፣ ምኵራቡ፣ የባሕሩ ነፋስ። “መጥተሽ አገኘሽኝ፤ በቃ፣ እንግባ” ይላል።

እዚህ ደግሞ ተምሩ ገና ሊለቀም ነው። ፍሬው በመረብ ከረጢት ታስሮ፣ ማር መስሎ ተንጠልጥሏል። ከሓቫ ጋር አብረን ልንለቅም ተስማምተናል። ይህን ጥየ የት ልሂድ?

እሑድ፣ ኦጉስት 24

ሰጠኝ ሻንጣውን ያዘ። “እኔ ቀደም ልበል፣ ቤቱን ከፍቼ እጠብቅሻለሁ” አለ። ሂድ፣ አልሁት፤ ሳልቆጣ። ሸኘሁት።

ፌርማታው ላይ ቆምን። የማለዳው ብርሃን በተምሮቹ መካከል ሾልኮ መንገዱን ወርቅ አድርጎታል። ስለ ምንም ስለ ምንም አወራን። ኢዲት ደውላ “አመጣሽው?” አለችኝ። “ቆዪ” ብየ ስልኩን ዘጋሁት።

አውቶቡሱ መጣ። በሩ ተከፈተ። ሰጠኝ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አደረገና እንዲያው ቆመ።

“አባት፣ ትሳፈራለህ ወይስ አትሳፈርም?” አለው ሾፌሩ።

ሰጠኝ ዞሮ አየኝ። ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

“እስቲ እሷን ጠይቃት” አለው።

“ሂድ!” አልሁ። ሾፌሩን።