ለአንድ ሰው የሚሆን ሸራ

አሌክሳንድሪያ፣ ነሐሴ 9 ቀን

ይድረስ ለተከበሩት ለወንድሜ እናት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ከዚህ ከወንዙ ዳር ሆኜ እጅ እነሳለሁ። ዐይንዎ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ማሰሪያውን እንደፈታልዎትና መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንደጀመሩ አብራዎት ያለችው ጸዳለ ስትነግረኝ ደስ ብሎኛል። ጉልበትዎስ? ዘንድሮ ቢሾፍቱ ላይ ዝናቡ በርትቷል ይላሉ፤ ብርድ እንዳይመታዎት ጋቢዎን ከትከሻዎ አያውርዱ። እኔ ተመስገን ነው፣ በጤና አለሁ። እንቅልፍ ብቻ እምቢ ብሎኛል።

የሰኔው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መልሱን ያዘገየሁት ስንፍና ይዞኝ አይደለም፤ ስንት ጊዜ ጀምሬ ስንት ጊዜ እንደቀደድኩት እኔ ነኝ የማውቀው። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። የልጄን የእጁን ነገር ተወውና ለጀልባው የመረጣችሁት ሸራ ለስንት ሰው የሚሆን ነው፣ እሱን ንገረኝ አሉኝ። ሌላ እናት እንዲህ ያለ ነገር አትጠይቅም። እርስዎ ግን ምጽዋ በባሕር ኃይሉ ስፌት ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሸራ የሰፉ ሰው ነዎት። ሸራ ሲቆረጥ ለስንት ሰው እጅ ተብሎ እንደሚቆረጥ ያውቃሉ።

እንግዲህ ዛሬ እመልሳለሁ። ረዘም ይላልና ይታገሡኝ።

የዛሬ አራት ዓመት ሥዩም ጀልባ ገዛሁ ብሎ ሲደውልልኝ የቀልዱን መስሎኝ ነበር። እኔ የቄራ ልጅ ነኝ፤ ከክረምት ጎርፍ በቀር ውኃ አይቼ አላደግኩም። ሄጄ ሳያት ርዝመቷ ሃያ ሰባት ጫማ የሆነ፣ ቀለሟ የተላጠ፣ ባለቤቷ አርጅቶ የሰለቻት ባለ ሸራ ጀልባ ናት። ተቆጣሁት። እኔ ክሪስታል ሲቲ ሆቴል ውስጥ የሰው መኪና አቆማለሁ፣ አንተ ታክሲ ትነዳለህ፣ ጀልባ ምናችን ነው አልኩት። ሪላክስ አድርግ ገብሬ፣ ጋዙ ነፋስ ነው አለኝና ሳቀ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ይነዳና እዚህ ቤቴ ድረስ መጥቶ ይወስደኛል። የመጀመሪያውን ዓመት እያስመለሰኝ ነው የጨረስኩት። ሥዩም ባሕርን ገና በልጅነቱ ምጽዋ ላይ ስለጠገበው ምንም አይለውም።

የዚህ አገር የሙቀት ወራት ነፋስ ሰነፍ ነው። ወንዙ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ይተኛል። ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል፤ ጀልባዋ አብራው ስለምትሄድ ከባዶቹ ሸራዎች የሚነፋቸው ያጡና ይንጠለጠላሉ። ለዚያ ጊዜ ቀጭን የናይሎን ሸራ ያስፈልጋል። ከጀልባዋ ጋር የመጣ ስፒናከር የሚሉት አሮጌ ሸራ ነበረን፤ ሲነፋ ፊኛ ነው የሚመስለው። እሱን ለመዘርጋት አንዱ ሰው ፊት ቆሞ ረጅም ዘንግ ምሰሶው ላይ ይሰካል፣ ሌላው ኋላ ሆኖ መሪውንና ሁለት ገመድ ይጠብቃል። ሥዩም ከአባቱ የለመዳት ደንብ ነበረችው። ፊት ያለው ልቀቅ ብሎ ይጮኻል፣ ኋላ ያለው ለቀቅኩ ብሎ ሳይመልስለት ምንም አይነካም። ያን ሸራ ያወጣን ቀን እኔ ሳልለቅ ለቀቅኩ አልኩ። ሸራው ከፊተኛው ሽቦ ጋር ተጠማዞ ተቀደደ፣ እኛም በዊልሰን ድልድይ ሥር እንደ እንዝርት ዞርን። በሞተር ጀልባ የሚያልፉ ፈረንጆች ቪዲዮ አነሱን። ሥዩም እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ባለፈው ታኅሣሥ ሲልቨር ስፕሪንግ እሱ ቤት ተቀምጠን አዲስ ሸራ ለመምረጥ ተከራከርን። እሱ እንደ አሮጌው ያለውን፣ ዘንግ ያለውን ትልቁን ፈለገ። በቀጥታ ከኋላ ለሚመጣ ነፋስ የሚስተካከለው የለም፣ ደግሞ ሁለት ነን አለ። እኔ ጄናከር የሚባለውን መረጥኩ። ዘንግ የለውም፣ አንዱ ጫፉ የጀልባዋ አፍንጫ ላይ ይታሰራል፣ ካልሲ የሚሉት ረጅም የጨርቅ ቱቦ አለው። ካልሲውን ወደ ላይ ስትስበው ሸራው ይወጣል፣ ወደ ታች ስትስበው ተመልሶ ይገባል። ለሰነፍ ሰው ነው የተሠራው አልኩት። ሥዩምም እሱማ ብቸኛ ሰው የሚገዛው ነው፣ እኛ ምን ቆርጦን አለኝ። የእሱ ሐሳብ አሸነፈ፤ ፀደይ ሲመጣ ሄደን ልናዝ ተስማማን።

ከዚያ መጋቢት ገባ። በመጋቢት የሆነውን እጁ ተሰብሮ ጄሶ ገባ፣ መጻፍ ስለማይችል እኔ እጽፍልዎታለሁ ብዬ ነበር የላክሁት። ያን ሰሞን ዐይንዎ ገና መቀደዱ ነው፤ ሐኪሙ እንባ እንዳይነካው ብሎ ነበር። ጸዳለ በስልክ እያለቀሰች በማርያም ይዤሃለሁ ማሰሪያው እስኪፈታ አለችኝ። ማሰሪያው ሲፈታ ፋሲካን ትዋልበት አለች። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ክረምቱ ይውጣ ሆነ። በእሷ አይፍረዱ። እኔም ቀኑ በተገፋልኝ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፣ ፈሪ ነኝና።

ግንቦት ላይ ብቻዬን ወደ ሸራ መስፊያው ቤት ሄድኩ። ሥዩም በስሙ ቀጠሮ ይዞ ነበር፤ ቀጠሮው ሲደርስ ስልኩ እኔ ጋ ስለነበር አስታወሰኝ። የቤቱ ባለቤት ነጭ ፀጉር ያላት ሴት ናት፣ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ነው የምትቆርጠው፤ ሳያት እርስዎ ትዝ አሉኝ። ስንት ሆናችሁ ነው የምትሄዱት አለችኝ። ሁለት አልኳት። እሷም ትልቁን፣ ዘንግ ያለውን ዘርግታ አሳየችኝ። ጨርቁን ዳሰስኩት፣ አመሰገንኳት፣ ሳላዝ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ።

ከዚያ የእርስዎ ደብዳቤ መጣ።

ደብዳቤዎን ሳነብ አንድ ቀን ነፋስ ጠፍቶ ወንዙ መሐል ቆመን ሥዩም ያጫወተኝ ነገር መጣብኝ። ምጽዋ ላይ አባቱ የተሳፈረባት መርከብ ሳትመለስ ስትቀር ሰፈሩ ሁሉ አውቆ እርስዎ ብቻ ሳያውቁ ዓመት መክረሙን ነገረኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ነጩን ዩኒፎርሙን ይተኩሱ ነበር አለኝ። ጎረቤት እየገባ ቁጭ ይላል፣ ቡናዎን ይጠጣል፣ ሲተኩሱ እያየ ዝም ይላል። በመጨረሻም የሰሙት ከአንድ የጡረታ ጸሐፊ ነው፣ ሰልፍ ይዘው ቆመው ሳለ። እናቴ የአባቴን ሞት ችላዋለች፣ ሲተኩሱ እያዩ ዝም ማለታቸውን ግን እስከ ዛሬ አልቻለችውም አለኝ። ቀጥሎም በእኔ እንዲህ እንዳያደርጓት ብሎ ወደ ውኃው ዞረ። እኔም አፌን ሞልቼ ማን ያደርገዋል አልኩት። አሁን እኔ ራሴ አምስት ወር ሙሉ ሲተኩሱ ካዩት አንዱ ሆንኩ።

እናቴ፣ ጄሶ የሚባል ነገር አልነበረም።

ደብዳቤዎን ባነበብኩ ማግሥት ተመልሼ ወደ ሸራ ሰፊዋ ሴትዮ ሄድኩ። የባለፈውን ተሳስቼ ነው የነገርኩሽ አልኳት። ስንት ናችሁ ታዲያ አለችኝ። አንድ አልኳት። ይህን ቃል ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። መቀሷን አስቀመጠች፣ ትልቁን ሸራ ቀስ ብላ አጥፋ ወደ ከረጢቱ መለሰችው። ከዚያ ከትከሻዬ ጀምራ የክንዴን ርዝመት ለካች። ለጀልባ ሸራ ሰው ሲለካ አይቼም አላውቅ፤ ብቻህን የምትስበውን ነው የምሰፋልህ አለችኝ።

አሁን ለሙያዎ ልናገር። ጄናከር ነው፣ ካልሲ ያለው። በሙሉ መጠን አልቆረጠችውም፤ አንድ ሰው በድንገተኛ ነፋስ እንዳይሸነፍ ከአሥር አንድ እጅ ቀንሳለታለች። ጨርቁ በጣም ስስ ነው፣ እጅዎን ከኋላው ቢያደርጉ ይታያል። ስፌቱ ዚግዛግ ነው፣ ማዕዘኖቹ ላይ ጨርቁ ብዙ እጥፍ ተነባብሯል፤ እርስዎ ቢያዩት አንድ ድርብ ይጨመርበት ሳይሉ አይቀሩም። ከበሮ በሚመስል ማጠንጠኛ ላይ የሚጠቀለል ዓይነትም አሳይታኛለች፤ ተቀምጠህ ገመድ ብቻ ስትስብ ይጠቀለላል፣ ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነው። ግን ሲጣበቅ ለምን እንደተጣበቀ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፣ የሚያውቀው ሰው ደግሞ እኔ አይደለሁም። የመረጥኩትም አንድ ጉድለት አለው። ነፋሱ በቀጥታ ከኋላ ሲሆን የምሰሶው ዋና ሸራ ይጋርደውና ይወድቃል፤ ስለዚህ ወደፈለጉበት ቦታ በቀጥታ መሄድ አይቻልም፣ ወደ ጎን እያሉ ዞር ዞር ብሎ ነው የሚደረሰው። ይህ ደብዳቤም እንደዚያው ሆነብኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ባለፈው እሑድ ብቻዬን አወጣሁት። መሪውን በገመድ አሰርኩና ፊት ሄጄ ካልሲውን ሳብኩ። ሳላስበው ልቀቅ ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ እንደ ልማዱ ጠበቅኩ። በሌላ ጀልባ ላይ ያሉ ባልና ሚስት ዞር ብለው አዩኝ። ብዙ ቆሜ ቆይቼ ራሴ ሄጄ ለቀቅኩት። ሸራው ሞላ፣ ጀልባዋም ቀስ ብላ ሄደች፤ በጣም ጥሩ ሸራ ነው። እኔ እንደ ድሮው ግራ በኩል ነው የተቀመጥኩት፣ የቀኙን አልነካሁትም። እስከ ድልድዩ ሄጄ ተመለስኩ። አለቀስኩ፣ አልዋሽዎትም።

ትናንት ለጸዳለ ደወልኩላት። አደራዬን በላህ ብላ ሰደበችኝ፣ አንተ እዚያ ነህ፣ አብሬያት የማድረው እኔ ነኝ አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ከዚያ እርስዎ ለእንቁጣጣሽ ለሥዩም ይሰፉለት የነበረውን ሸሚዝ እጅጌው ላይ አቁመው፣ አጣጥፈው ሳጥን ውስጥ እንዳስገቡት፣ ከሰኔ ወዲህም እንዳልነኩት ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ አልተከራከርንም።

ይህን ወረቀት የያዘችልዎ ነጃት ትባላለች፣ ሆቴሉ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ፣ አገር ቤት ዘመድ ጥየቃ የገባች ጥሩ ልጅ ናት። በፖስታ ያልላክሁት፣ በቀትርም እንድታመጣው ያልፈለግሁት ለምን እንደሆነ አይጠፋዎትም። ጎህ ሲቀድ ድረሺ ብያታለሁ። ብቻዋን አይደለም የመጣችው። ጸዳለ ቀስ ብላ ከአጠገብዎ ተነሥታ ወጥታለች፤ ከእሷ ጋር የንስሐ አባትዎ፣ የዕድር ሰዎችና ጎረቤቶችዎ በሙሉ ከበሩ ውጭ ቆመዋል። አንብበው እስኪጨርሱ ማንም እንዳይገባ ብያለሁ። ምጽዋ ላይ ያልመጡልዎትን ያህል ይምጡልዎ ብያለሁ።

ሥዩም ያረፈው ተኝቶ ሳለ ነው፣ አልተሠቃየም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤተ ክርስቲያን ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሞ ነበር። ነጭ ሸሚዙን እኔ ነኝ የተኮስኩለት።

ፈጣሪ ጽናቱን ይስጥዎ። ዐይንዎን ይጠብቅልዎ፣ ዛሬ ግን አይቆጥቡት፤ ሐኪሙ ይቆጣ። መስከረም ሲጠባ እመጣለሁ፣ እግርዎ ሥር ተቀምጬ የሚጠይቁኝን ሁሉ እመልሳለሁ። ሸሚዙን አይጨርሱት፣ አይፍቱትም፣ እንዳለ ይቆየኝ።

አንብበው ሲጨርሱ በሩን ይክፈቱላቸው።

ከፈቀዱልኝ፣
ልጅዎ