ሳሙና የሚሸት ግልገል

አገና፣ ማክሰኞ ታኅሣሥ 7

ጠዋት የአማቴ በግ ግልገል ቆጮ የሚብላላበት ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። እሳቸው ገበያ ስለነበሩ ጎትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሽታው ስላላስቻለኝ በሳሙና ፈትጌ አጠብኩት፣ በፎጣ አደረቅኩት፣ ለእናቱ መለስኩላት። ጎሽ የምትለኝ መስሎኝ! አንዴ አሸተተችውና በግንባሯ ገፈተረችው። እየጮኸ ተመለሰ። ደግማ ጣለችው።

አማቴ ሲመጡ ሳልነግራቸው ገባቸው። "ልጄ፣ ምነው በውኃ ብቻ ባለቀለቅሽው" አሉኝ። የእናቱን ወተት አልበው ጀርባውንና ጭራውን ቀቡት። አሁንም እምቢ አለች።

"የመጀመሪያ ልጇ እኮ ነው። ደጋግማ የወለደች ብትሆን በድምፁም ትለየው ነበር። ይቺ ገና አልለመደችም" አሉ።

ባለቤቴ ግልገሉን አንስቶ አሸተተው። "ምኑ ነው የሚሸተው? እኔ ምንም አልሸተተኝም" አለ። እኔ ግን ካረገዝኩ ወዲህ አፍንጫዬ የሌላ ሰው ሆኗል፤ ሳሙናው ከበር ጀምሮ ይሰነፍጠኛል።

አንገቷን ይዘንለት ትንሽ ጠባ። ስንለቃት መልሳ ገፋችው። ግልገሉ ጥግ ላይ ተኝቶ ይንቀጠቀጣል።

"ትደርና እናያለን" አሉ አማቴ። ሲናገሩ ሆዴን አላዩም። ሆን ብለው ይመስለኛል።

ክፍሌ ገብቼ ሻንጣውን ከፈትኩ። ለሚወለደው ልጄ አጥቤ ያጣጠፍኳቸው ልብሶች ሁሉ ያንኑ ሳሙና ይሸታሉ። አንድ በአንድ አውጥቼ በንጹሕ ውኃ ዘፈዘፍኳቸው።

የእኔም የመጀመሪያዬ ነው።